ቦርጬ ጨመረ፣ ኤልዲኤሉ ግን ባለበት ቆመ፤ እንዴት ነው ነገሩ?

ሱሪው_ጠበበኝ፦
ሰላም ለዚህ ቤት። ከባሕር ዳር ነኝ፣ አባይ ማዶ። ዕድሜዬ 41፣ ሥራዬ ቢሮ ተቀምጦ መዋልና ማታ በባጃጅ ቤት መግባት። ከአራት ዓመት በፊት ለቅጥር ስመረመር የወጣልኝን የደም ቅባት ውጤትና አሁን ከፋሲካ በኋላ ባለው ሳምንት ያሠራሁትን ጎን ለጎን አስቀምጬ ግራ ገብቶኛል።

የዛን ጊዜ፦ ክብደት 68 ኪሎ፣ ጠቅላላ ኮሌስትሮል 182፣ ትራይግሊሰራይድ (ደም ውስጥ የሚዞረው ስብ) 118፣ ኤችዲኤል (ጥሩው ኮሌስትሮል የሚሉት) 46፣ ኤልዲኤል (መጥፎው የሚሉት) 112።

አሁን፦ ክብደት 81 ኪሎ፣ ጠቅላላ 196፣ ትራይግሊሰራይድ 248፣ ኤችዲኤል 34፣ ኤልዲኤል 112።

ቁመቴ 1 ሜትር ከ70 ነው። የጨመርኩት ኪሎ እጄም እግሬም ላይ አይታይም፤ ሁሉም እምብርቴ ዙሪያ ሰፍሯል። የመሥሪያ ቤት ጓደኛዬ ወረቀቱን አየና «መጥፎው ኮሌስትሮል ንቅንቅ አላለም፣ ጠቅላላውም ከ200 በታች ነው፤ ቦርጭና ኮሌስትሮል አይገናኙም፣ ዝም ብለህ ብላ» አለኝ። ምክሩ በጣም ስለጣመኝ ነው የተጠራጠርኩት። የሚያውቅ ካለ ያስረዳኝ።

ሻምበል_ጡረታ፦
አንተ ልጅ፣ በእኛ ጊዜ ቦርጭ ያለው ሰው ወንበር ይለቀቅለት ነበር። ጠቅላላው ከ200 በታች ከሆነ ምን ያስጨንቅሃል? ለነገሩ እኔ ከአንተ በብዙ እሻላለሁ፤ አዲስ አበባ ልጄ ዘንድ ሄጄ ተመርምሬ ኮሌስትሮሌ 5.1 ብቻ ነው። 196 ሲባል እኔም ደንግጫለሁ።

የላብ_ሰው፦
ጋሼ ሻምበል፣ ይቅርታ ያድርጉልኝና ሁለታችሁ እኩል ናችሁ። የእርስዎ በሚሊሞል በሊትር፣ የእሱ በሚሊግራም በዴሲሊትር ነው የተጻፈው። ኮሌስትሮል ከሆነ ሚሊሞሉን በ38.67 ያባዙት፤ 5.1 ወደ 197 ይመጣል። ትራይግሊሰራይድ ግን ማባዣው ሌላ ነው፣ 88.57። ወረቀቱ ላይ ከቁጥሩ አጠገብ ያለችውን መለኪያ ሳያዩ የሁለት ቤተ ሙከራ ውጤት ማወዳደር አይቻልም። በየቀኑ የሚያጋጥመን ነገር ነው።

ወደ ባለ ክሩ ልመለስ። ወንድሜ፣ ኤልዲኤልህ ሁለቱንም ጊዜ 112 የሆነው በአጋጣሚ ነው፤ አጋጣሚው ግን ብዙ ያስተምራል። አብዛኛው ቦታ ኤልዲኤል በቀጥታ አይለካም፣ ይሰላል። ፍሪድዋልድና ባልደረቦቹ እ.ኤ.አ. በ1972 ያወጡት ስሌት ነው፦ ከጠቅላላው ላይ ኤችዲኤልን ቀንስ፣ ከዚያ የትራይግሊሰራይድን አንድ አምስተኛ ቀንስ። ራስህ ሞክረው። የድሮው 182 ሲቀነስ 46 ሲቀነስ 24 ግድም፣ 112። የአሁኑ 196 ሲቀነስ 34 ሲቀነስ 50 ግድም፣ እሱም 112። ትራይግሊሰራይዱ ባደገ ቁጥር የሚቀነሰውም አብሮ ስላደገ ኤልዲኤሉ ባለበት የቆመ መሰለ። (ትራይግሊሰራይድ ከ400 ካለፈ ስሌቱ ጭራሽ አይሠራም፣ ያኔ በቀጥታ መለካት ግድ ነው።)

አሁን ሌላ ስሌት ሥራ። ከጠቅላላው ኤችዲኤልን ብቻ ቀንስ። ድሮ 136፣ ዛሬ 162። የደም ሥር የሚደፍኑት ቅንጣቶች የተሸከሙት ኮሌስትሮል በሙሉ እዚህ ቁጥር ውስጥ አለ፣ «ኤችዲኤል ያልሆነው» ይባላል። ኤልዲኤልህ ከ130 በታች ይሁን ለተባለ ሰው ይህኛው ከ160 በታች እንዲሆን ነው የሚፈለገው። ተጨማሪ ደምም ተጨማሪ ብርም አይጠይቅም። ጓደኛህ ይህን አላየም።

ሻምበል_ጡረታ፦
197? እንዲያ በል እንጂ። ልጄ ነው «አባዬ አንተማ ወጣት ነህ» ብሎ የሸኘኝ።

የውስጥ_ደዌ፦
የላብ ሰው ሒሳቡን ጨርሶታል፣ እኔ ምክንያቱን ልጨምር። ረዘም ስለሚል ቡና ይዛችሁ አንብቡ።

ሆድ ላይ ሁለት ዓይነት ስብ አለ። አንዱ ከቆዳ ሥር ያለው፣ በጣት ቆንጥጠህ የምትይዘው ነው። ሌላው ከሆድ ጡንቻ በስተውስጥ፣ ሞራውና አንጀቱ ዙሪያ የሚጠራቀመው ነው። ይህኛው አይቆነጠጥም፤ ሆድን ከውስጥ ይገፋና ያን ጠንከር ያለ፣ ክብ ቦርጭ ያወጣል። ዣን ቫግ የተባለ የማርሴይ ሐኪም እ.ኤ.አ. በ1947 ነው ወገቡ ላይ የሚወፍረውና ዳሌው ላይ የሚወፍረው ሰው የጤና ዕጣቸው አንድ እንዳልሆነ የጻፈው። ስለዚህ ነገሩ አዲስ ግኝት አይደለም፣ እኛ ዘንድ ዘግይቶ የተወራ ነው እንጂ።

የውስጡን ስብ አስቸጋሪ ከሚያደርጉት ነገሮች አንዱ ቦታው ነው። ከሞራውና ከአንጀቱ ዙሪያ የሚመለሰው ደም መጀመሪያ የሚያልፈው በጉበት ነው። ኢንሱሊን «ስቡን ያዝ፣ አትልቀቅ» ሲለው ደግሞ ይህ ስብ በቅጡ አይታዘዝም፤ የስብ አሲድ ሲያፈስ ይውላል፣ ያድራል። ጉበት ከደረሰው ከፊሉን እዚያው ያስቀምጠዋል፤ አልትራሳውንድ ተነሥታችሁ «ጉበትህ ላይ ስብ አለ» የምትባሉት ይሄ ነው። ከፊሉን ትራይግሊሰራይድ አድርጎ፣ ቪኤልዲኤል በሚባሉ ቅንጣቶች አሽጎ ወደ ደም ይመልሰዋል። በቦርጫም ሰው ወረቀት ላይ ቀድሞ የሚነሣው ትራይግሊሰራይድ የሆነውም ለዚህ ነው።

ቀጥሎ ልውውጥ አለ። ሲኢቲፒ የሚባል ፕሮቲን ከቪኤልዲኤሉ ትራይግሊሰራይድ እያነሣ ለኤችዲኤልና ለኤልዲኤል ይሰጣል፣ በለውጡ ከእነሱ ኮሌስትሮል ይወስዳል። ትራይግሊሰራይድ የተጫነበት ኤችዲኤል በጉበት ኢንዛይም ይሸራረፍና ቶሎ ከደም ይጠፋል፤ 46 የነበረው 34 የሚሆነው እንዲህ ነው። ኤልዲኤሉም በዚያው መንገድ እየተሸረፈ ትንሽና ጥቅጥቅ ያለ ይሆናል።

እዚህ ላይ ነው 112 ብዙ ሰው የምታታልለው። ቁጥሩ የሚመዝነው ጭነቱን ብቻ ነው። ከዘጌ አንድ ዓይነት ክብደት ያለው ማገዶ አንዴ በጥቂት ትልልቅ ታንኳ፣ አንዴ በብዙ ትንንሽ ታንኳ ቢመጣ ሚዛኑ ላይ ልዩነት የለውም፤ ሐይቁ ላይ ያለው የታንኳ ብዛት ግን ሌላ ነው። የደም ሥር ግድግዳ ውስጥ እየገባ የሚቀረው ቅንጣቱ ስለሆነ ጉዳቱን የሚወስነው ብዛቱ ነው። እያንዳንዱ ቅንጣት አፖቢ የሚባል አንድ ፕሮቲን ይይዛል፤ እሱን መለካት ቅንጣቱን መቁጠር ማለት ነው። ካላገኘኸው የላብ ሰው ያሳየህ 162 ጥሩ ምትክ ነው።

«ዕድሜ ነው፣ ማንም 40 ሲገባ ይጨምራል» የሚል እንደሚመጣ ስለማውቅ ቀድሜ ልናገር። ካርዲያ የተባለው የአሜሪካ ጥናት እ.ኤ.አ. ከ1985 ጀምሮ ከ18 እስከ 30 ዓመት የነበሩ ወጣቶችን ይዞ ለዓመታት ተከታትሏል። በ15 ዓመት ውስጥ ክብደታቸው እየጨመረ የሄደው ሰዎች ትራይግሊሰራይዳቸው፣ ኤችዲኤላቸው፣ የደም ግፊታቸው እየከፋ ሄደ። ክብደታቸው ባለበት የቆየው ግን፣ ሲጀመር ወፍራም የነበሩትም ጭምር፣ ቁጥራቸው ብዙም አልተንቀሳቀሰም። ዕድሜ የራሱ ድርሻ አለው፤ በየዓመቱ አንድ ሁለት ኪሎ እየተባለ የሚጠራቀመው ግን በዕድሜ ስም የሚታለፍ ነገር አይደለም።

ሱሪው_ጠበበኝ፦
ዶክተር እግዜር ይስጥልኝ። ግን ወገቤ ብዙም የጨመረ አይመስለኝም እኮ። ሱሪዬ ከ32 ወደ 34 ነው የሄደው፤ ስሜን ያወጣሁት ለቀልድ ነው።

የላብ_ሰው፦
የሱሪ ቁጥር አይታመንም። እኛ ወንዶች ሆድ ሲመጣ ሱሪውን ከሆድ በታች ዝቅ አድርገን እናስራለንና ቁጥሩ አያድግም። የልብስ ሰፊ ሜትር አምጣ። ከጎንህ የመጨረሻውን የጎድን አጥንት ዳስስ፣ የዳሌህን አጥንት ጫፍ ዳስስ፣ ሜትሩን በሁለቱ መካከል አዙር። ቆመህ፣ እንደ ልማድህ ተንፍሰህ አየሩ ሲወጣ አንብብ። ሆድ መሳብ ክልክል ነው። ባለቤትህ ትለካህ፣ እሷ አታዳላም።

ሱሪው_ጠበበኝ፦
98። እንደገና ለክታኝ ያው 98። ሳቋን ግን አላቆመችም።

የውስጥ_ደዌ፦
ዓለም አቀፉ የስኳር ሕመም ፌዴሬሽን ከሰሃራ በታች ላለን አፍሪካውያን የራሳችን በቂ መረጃ እስኪገኝ በአውሮፓውያኑ መለኪያ ተጠቀሙ ብሏል፤ ለወንድ 94፣ ለሴት 80 ሴንቲ ሜትር። አሜሪካኖቹ 102 እና 88 ይላሉ። ሁለቱን ለማስታረቅ የሚቀለው ወገብ ከቁመት እኩሌታ አይብለጥ የሚለው ነው። 170 ለሆንከው ለአንተ 85 ማለት ነው። በዚህ ላይ ትራይግሊሰራይድ ከ150 በላይ፣ ኤችዲኤል ለወንድ ከ40 በታች (ለሴት ከ50) ተደምሮብሃል። ሳትነካ የቀረኸው የደም ግፊትህንና በባዶ ሆድ የሚለካ ስኳርህን ነው። ሳታሠራ እንዳታድር። የእነዚህ ጥርቅም ነው ለስኳርና ለልብ ሕመም በር የሚከፍተው፤ አንዱን ቁጥር ነጥሎ መጨነቅም መጽናናትም ብዙ አይጠቅምም።

እትዬ_ሽምብጥ፦
ልጆቼ፣ ስትነጋገሩ ዝም ብዬ ሳነብ ቆየሁ። እኔ 54 ዓመቴ ነው፣ የወር አበባ ከቆመ ሁለት ዓመት አለፈው። ክብደቴ የጨመረው ሦስት ኪሎ ብቻ ነው፤ ዳሌዬ እንደውም ሟሟ፣ ሆዴ ግን እንደ ነፍሰ ጡር ሆነ። ኤልዲኤሌ ከ118 ወደ 149 ወጣ። የእኔ ከዚህ ልጅ ለምን ተለየ? የእሱ ቆሞ የእኔ እንዴት ወጣ?

የውስጥ_ደዌ፦
እትዬ፣ ጥሩ ጥያቄ ነው ያነሡት። በእርስዎ ላይ ሁለት ነገር አንድ ጊዜ ነው የመጣው። ኢስትሮጅን የሚባለው ሆርሞን እያለ ጉበት ኤልዲኤልን ከደም የሚለቅምባቸው ተቀባዮች በርከት ይላሉ። ሆርሞኑ ሲቀንስ ለቀማው ይቀዘቅዛል፣ ኤልዲኤል ከፍ ይላል፤ ይህ ቦርጭ ባይኖርም ይመጣል። በተጨማሪ ስብ ከዳሌና ከጭን ወደ ሆድ ይዛወራል፤ ስለዚህ ሚዛኑ ላይ ሦስት ኪሎ ብቻ ቢታይም የውስጡ ስብ ከዚያ በላይ ተለውጦ ሊሆን ይችላል። ወገብዎን ያስለኩ። የታይሮይድ ምርመራም (ቲኤስኤች የሚሉት) ቢያሠሩ መልካም ነው፤ የታይሮይድ ሆርሞን ሲያንስ ክብደትም ኤልዲኤልም ይጨምራል፣ በእኛ አገር ደጋ ደግሞ እንቅርት እንግዳ አይደለም። እሱ ከሆነ ምክንያቱ፣ ሲታከም ኮሌስትሮሉም ይወርዳል።

ቀጮ፦
እኔ እንግዲህ ከዚህ ሁሉ ነፃ ነኝ። 57 ኪሎ፣ ቦርጭ የሚባል የለኝም፣ የበላሁት የት እንደሚገባ ለራሴም ገርሞኛል። ጠቅላላ 290፣ ትራይግሊሰራይድ 120፣ ኤችዲኤል 52፣ ኤልዲኤል 214። ቀጭን ስለሆንኩ ብዙ አያሳስብም አይደል?

የላብ_ሰው፦
ዶክተር እስኪመጣ አልጠብቅም። ያሳስባል!

የውስጥ_ደዌ፦
ቀጮ፣ በዚህ ክር ላይ ቶሎ ሐኪም ዘንድ ሂድ ብዬ የማስቸኩለው አንተን ነው። ኤልዲኤል ከ190 ሲያልፍ መጀመሪያ የምናስበው በዘር የሚተላለፍ ከፍተኛ ኮሌስትሮልን ነው። ጉበት ኤልዲኤልን የሚለቅምበት ተቀባይ ከልደት ጀምሮ ጉድለት አለበት ማለት ነው። ያን ተቀባይ ያገኙት ጎልድስታይንና ብራውን እ.ኤ.አ. በ1985 የኖቤል ሽልማት የወሰዱበት ሥራ ነው። በዓለም ላይ ከ250 እስከ 300 ከሚሆኑ ሰዎች አንዱ ላይ እንደሚገኝ ይገመታል። ከአባት፣ ከእናት ወይም ከወንድም በወጣትነቱ በድንገት ያረፈ ወይም ልቡን የታመመ አለ?

ቀጮ፦
አባቴ። 48 ዓመቱ ነበር፣ ሌሊት ደረቴን ብሎ ሳይነጋ ሞተ። የልብ ነው ያለን ሰው የለም፣ ምች ነው ተብሎ ነው የተቀበረው።

የውስጥ_ደዌ፦
ነፍስ ይማር። ይህን ወረቀት ይዘህ ሂድና የአባትህን ነገር ሳትደብቅ ንገራቸው። ወንድም እህት፣ ልጆችም ካሉህ እነሱም ይመርመሩ። ይህ ጉዳይ በእግር ጉዞና በምግብ ብቻ የሚወርድ አይደለም፤ ስታቲን የሚባለው መድኃኒት አለ፣ እ.ኤ.አ. ከ1987 ጀምሮ ሲታዘዝ የኖረ ዓይነት ነው። የቦርጩ ጉዳይና የአንተ ጉዳይ ሁለት የተለያየ መንገድ ነው፤ የሚገናኙት ልብ ላይ ነው።

ማር_ሎሚ፦
ሁላችሁም በመድኃኒትና በቁጥር ተጠምዳችኋል። ጠዋት በባዶ ሆድ ሙቅ ውሃ በሎሚ፣ ማታ ፌጦ በማር። ቦርጭ ማጥፊያ ቀበቶም አለ፣ እኔ የምሸጠውን ገዝተው ወገባቸው የተቆረጠ እናቶች ብዙ ናቸው። ስብ በላብ ይወጣል።

ፔዳል፦
በላብ የሚወጣው ውሃና ጨው ነው። ሎሚውን ጠጣው፣ አይጎዳም። ቀበቶውን ግን ለራስህ እሰረው።

የውስጥ_ደዌ፦
ማር ሎሚ፣ አንድ ነገር ልንገርህ። እ.ኤ.አ. በ2004 የታተመ ጥናት አለ። ሐኪሞቹ ከወፍራም ሴቶች ሆድ ላይ ከቆዳ ሥር ያለውን ስብ በመሳሪያ መጠጡ፤ ከ9 እስከ 10 ኪሎ የሚጠጋ ነው ያወጡት። ሴቶቹ ወገባቸው ጠበበ፣ ልብሳቸው ሰፋ። ከሳምንታት በኋላ ሲለኩ የደም ቅባቱም፣ የደም ግፊቱም፣ የኢንሱሊን ሥራውም እንደነበረ ነው። በቀዶ ሕክምና የወጣ ስብ ይህን ካላደረገ በቀበቶ የታሰረ ሆድ ምን ያደርጋል? ጉበት ውስጥና ሞራ ላይ ያለው የሚቀልጠው ሰውነት ራሱ ማገዶ አድርጎ ሲያነደው ነው። ደስ የሚለው ደግሞ የውስጡ ስብ ቀድመው ከሚሄዱት ውስጥ ነው፤ ሚዛኑ ባይነቃነቅ እንኳ አዘውትሮ የሚንቀሳቀስ ሰው እሱን ይቀንሳል።

ፔዳል፦
ለዚህ ነው ስሜን እንዲህ ያወጣሁት። ይቺ ከተማ እኮ የሳይክል ከተማ ነበረች። ሜዳ፣ ዘንባባ፣ ሰፊ መንገድ፤ ሠራተኛውም ተማሪውም በሳይክል ነበር የሚሄደው። አሁን ከጊዮርጊስ እስከ ገበያ ለመሄድ ሰው ባጃጅ ይጠብቃል። አባይ ማዶ የምትኖር ሰው አዲሱን ድልድይ በእግርህ ብትሻገረው ምን አለበት? ቅዳሜ ቅዳሜ ጠዋት ቤዛዊት ኮረብታ የሚወጡ ሰዎች አሉ፣ ተቀላቀል።

ዘጌ_ቡና፦
ምግብ ላይ እስካሁን ማንም ስላልነካው እኔ ልጠይቅ። ስሜ እንደሚነግራችሁ ከቡና ጋር ነው የምኖረው። የጀበና ቡና ኮሌስትሮል ይጨምራል ሲሉ ሰምቼ ሳቅኩ። ቡና ቅባት አለው እንዴ?

የውስጥ_ደዌ፦
አለው፣ ጥቂት ነው እንጂ። ካፌስቶልና ካዌኦል የሚባሉ ቅባት ነክ ነገሮች ናቸው፤ ቡና በውሃ ሲፈላ አብረው ይወጣሉ፣ የወረቀት ማጥለያ ግን ያስቀራቸዋል። የጀበና ቡና የሚፈላ፣ በወረቀትም የማያልፍ ስለሆነ ከዚህ ወገን ነው። ጨምሮ የሚያመጣው በዋናነት ኤልዲኤል ነው፤ መጠኑም በቀን በሚጠጣው ስኒ ይወሰናል። አቦል፣ ቶና፣ በረካ ብሎ ጠዋትና ማታ የሚጠጣና አንድ ስኒ ቀምሶ የሚነሣ ሰው አንድ አይደሉም። አተላውን አስቀምጦ ቀስ ብሎ መቅዳት ይጠቅማል። እኔ በግሌ ቡናውን ተዉ አልልም፤ ስኒው ውስጥ የሚገባው ሁለት ሦስት ማንኪያ ስኳር ነው የሚያሳዝነኝ፣ እሱ በቀጥታ ትራይግሊሰራይድ ላይ ነው የሚሠራው።

ሻምበል_ጡረታ፦
ስኳሩን ያዘውና ቢራውስ?

የውስጥ_ደዌ፦
ጋሼ፣ ቢራውም፣ ጠላውም፣ አረቄውም ትራይግሊሰራይድ ያነሣል። አልኮል ጉበት ሲደርስ ጉበቱ ስብ ማቃጠሉን ትቶ እሱን ያስተናግዳል፣ ስቡ ይጠራቀማል። ባለ ክሩ በፋሲካ ሳምንት ነው የተመረመርኩት ብሏል፤ ዶሮ ወጡን በምን እንዳወረደው አልነገረንም።

ሱሪው_ጠበበኝ፦
በቢራ ነው። መልስ ሳይቀር ጠርተውኝ ነበር።

እትዬ_ሽምብጥ፦
የድሮውስ ምርመራ መቼ ነበር? እኔ ጾም ላይ ስመረመርና ፍስክ ላይ ስመረመር ውጤቴ አንድ ሆኖልኝ አያውቅም።

ሱሪው_ጠበበኝ፦
ታኅሣሥ መጨረሻ፣ የነቢያት ጾም ላይ።

የላብ_ሰው፦
እትዬ ባያነሡት ማንም አላሰበውም ነበር። ግሪክ አገር ቀርጤስ ላይ የኦርቶዶክስ ጾም የሚጾሙ ሰዎችን ተከታትለው ኮሌስትሮላቸው በጾም ዝቅ፣ በፍስክ ከፍ እንደሚል አይተዋል። የእኛ ጾም ከእነሱም የጠበቀ ነው። ስለዚህ የዚህ ልጅ ሁለት ወረቀቶች አንዱ የጾም አንዱ የፍስክ ናቸው፤ ትራይግሊሰራይዱ ላይ የቢራው ሳምንት እጁ አለበት። ከ9 እስከ 12 ሰዓታት ያህል ምግብ ሳትቀምስ ቆይተህ፣ ከዚያ በፊት ባሉት ቀናትም መጠጥ ሳይኖር ይደገም። 98 ሴንቲ ሜትር ወገብ ግን በአንድ ሳምንት ዶሮ ወጥ አይመጣም። 34 የሆነው ኤችዲኤልም እንደዚያው፣ የዓመታት ሥራ ነው።

ዘጌ_ቡና፦
ጾምም ቢሆን እኮ እንደ ድሮው ጾም አይደለም። ፓስቲ፣ ሳምቡሳ፣ ዳቦ በማርማላታ፣ ሽሮው ላይ ግማሽ ጣሳ ዘይት። አክስቴ ሁዳዴን ጾማ ወፍራ ትወጣለች።

የውስጥ_ደዌ፦
እውነት ነው። ሥጋና ቅቤ ስለቀረ ኤልዲኤል ሊወርድ ይችላል፤ ዳቦ፣ ስኳርና የተጠበሰ ነገር ከበዛ ግን ቦርጩም ትራይግሊሰራይዱም ይጨምራል። ሁለቱ ቁጥሮች በየራሳቸው ምክንያት የሚሄዱ መሆናቸውን ከጾም በላይ የሚያሳይ ነገር አላውቅም። የረጋው ዘይት ግማሽ ያህሉ ጠጣር ስብ ነው፣ ኤልዲኤል የሚያነሣው እሱ ነው፤ ንጥር ቅቤም ከዚህ ይብሳል እንጂ አያንስም። የጎጃም ኑግ ዘይት ግን አብዛኛው ሊኖሌይክ አሲድ ነው፣ ኤልዲኤልን ዝቅ ከሚያደርጉት ወገን። እሱም ቢሆን ዘይት ነውና ሲበዛ ያወፍራል።

ፔዳል፦
ጣና ዳር ሆነን ዓሣ አለማንሣታችን ነውር ነው። ዓሣ ለልብ ጥሩ ነው ተብሎ ሁሌ ቅዳሜ እንበላለን፤ ቆሮሶ ሙሉውን ጥብስ።

የላብ_ሰው፦
ቆሮሶ ራሱ ስብ የሌለው ቀላል ሥጋ ነው። ኦሜጋ ሦስት የሚባለው በብዛት ያለው ግን በባሕር ውስጥ ባሉት ቅባታም ዓሦች ላይ ነው። በተደጋጋሚ በተቃጠለ ዘይት ጠልቆ ከወጣ በኋላ ደግሞ የበላኸው ዘይቱን ነው። ለብለቡን ወይም ሾርባውን እዘዝ። ከዓሣው ይልቅ እኔ የምመክርህ ምስርና አተር ክክ፣ ገብስና አጃ ነው። የአጃና የገብስ ቃጫ ኤልዲኤልን በመጠኑ ያወርዳል። አጥሚት ጠጣ፣ ስኳሩን ትተህ።

(ይህ ክር ለተወሰኑ ወራት መልስ አልነበረውም)

ሱሪው_ጠበበኝ፦
እንኳን አደረሳችሁ፣ ለአዲሱ ዓመት። ጠፍቼ ነበር። የደም ግፊቴ 128 በ84፣ የባዶ ሆድ ስኳሬ 104 ነው ያሉኝ። ቢራ በጣም ቀነስኩ፣ ለስላሳ ጨርሶ ተውኩ፣ ድልድዩን በእግሬ እሻገራለሁ። ክብደቴ 75፣ ወገቤ 92። ሰሞኑን እንደገና ያሠራሁት፦ ጠቅላላ 180፣ ትራይግሊሰራይድ 165፣ ኤችዲኤል 33፣ ኤልዲኤል 114። እንግዲህ ፍረዱኝ። ይህን ሁሉ ደክሜ ጥሩው ኮሌስትሮል በአንድ ወረደ፣ መጥፎው በሁለት ጨመረ!

ማር_ሎሚ፦
ሎሚውን አልጠጣህም ማለት ነው።

የላብ_ሰው፦
አንድ ሁለት ቁጥር ልዩነት ዛሬና ነገ ብትለካም የሚመጣ ነው፣ ለውጥ አይባልም። ኤችዲኤል ያልሆነውን ቀንሰህ አላየኸውም? ከ162 ወደ 147 ወርዷል። ትራይግሊሰራይድ ከ248 ወደ 165። በጾም ላይ ያልሆነ፣ በድግስ ሳምንትም ያልሆነ ውጤት ስለሆነ ከሦስቱም ወረቀት እኔ የማምነው ይህን ነው።

የውስጥ_ደዌ፦
ኤችዲኤል ክብደት እየወረደ ባለበት ጊዜ ባለበት መቆም ወይም ትንሽ ዝቅ ማለት የታወቀ ነው፤ ክብደቱ ሲረጋ ነው ቀስ ብሎ የሚነሣው። ኤልዲኤሉን በተመለከተ ከመጀመሪያውም ቦርጭህ ብቻውን አልሠራውም፤ እዚያ ላይ ዘርህ፣ ቅቤህና የረጋው ዘይት ይበልጣሉ። ወገብ ሲቀንስ በብዛት የሚመለሰው ትራይግሊሰራይድ ነው፣ እየተመለሰም ነው። ስኳርህ ግን 104 መሆኑን አልወደድኩትም፤ ከ100 በላይ ነው፣ በየጊዜው ይታይ። መድኃኒት ያስፈልግ አያስፈልግ በ114 ብቻ አይወሰንም። የዓለም ጤና ድርጅት እ.ኤ.አ. በ2019 ለየአካባቢው፣ ለምሥራቅ አፍሪካም ጭምር ያወጣው ሰንጠረዥ አለ፤ ዕድሜ፣ ግፊት፣ ሲጋራ፣ ስኳርና ኮሌስትሮል ተደምረው ነው የሚታዩት። ሐኪምህን ጠይቀው። እንዲህ ቀስ እያልክ መቀነስህም ደግ ነው፤ ተርቦ በችኮላ የሚቀንስ ሰው የሐሞት ጠጠር ሊያፈራ ይችላል።

ቀጮ፦
እኔም ላመስግን ብዬ ነው። አቶርቫስታቲን ጀምሬያለሁ፣ ታናሽ እህቴም ተመርምራ ኤልዲኤሏ 197 ሆኖባታል። እሷም ቀጭን ናት።

ሱሪው_ጠበበኝ፦
ቀጮ እንኳን ደህና ሆንክ። የላብ ሰው፣ መስቀል ደርሷል፣ ቤተሰብ ዘንድ ጥሪ አለብኝ። ቀጣዩን ምርመራ መቼ ላድርገው?

የላብ_ሰው፦
ለመስቀሉ ብላ፣ የመጣህበትን ግን በእግርህ ተመለስ። ምርመራውን ኅዳር መጀመሪያ አድርገው፤ የነቢያት ጾም በ15 ስለሚገባ ከዚያ በፊት። ክብደትህ እስከዚያ ቢያንስ አንድ ወር ሳይነቃነቅ ቢቆይ ኤችዲኤሉን በትክክል እናየዋለን። ስኳሩንም አብረህ አሠራ፣ ወገብህንም ለክተህ ወረቀቱ ጥግ ላይ ጻፈው።

ሻምበል_ጡረታ፦
እኔም ተለካሁ፣ 104 ሴንቲ። ፔዳል፣ ቤዛዊት የምትወጡት ስንት ሰዓት ነው?

ፔዳል፦
12 ሰዓት ተኩል ጋሼ፣ ከኮረብታው ሥር። ቀስ ብለን ነው የምንወጣው፣ ውሃ ይያዙ።